በቅሎ የማያስይዝ ወሬ

አል ፈላሕ ከአቡ ዳቢ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የሰማዩን ጩኸት ለምዶ የተቀመጠ ሰፈር ነው። ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ቪላዎች አሉት። ስሙ መዳን፣ መሳካት ማለት ነው፤ ሙአዚኑም በቀን 5 ጊዜ በዚሁ ቃል ሰውን ይጣራል። በቪላዎቹ ወጥ ቤት ለሚሠሩት የአገራችን ልጆች ግን ሌላም ጥሪ አለ። ስልኩ ከካውያ ጠረጴዛው ጥግ ተደግፎ ቆሟል፤ በጆሮ ማዳመጫው «እህቶቼ፣ ምህረቱ ተራዝሟል፣ ከውስጥ ሰው ነው የሰማሁት፣ ለሌላም አድርሱ» የሚል ቮይስ ይንቆረቆራል። ከቮይሱ ራስ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀስቶች ይታያሉ። ዋትስአፕ እነዚህን ቀስቶች የሚለጥፈው መልእክቱ ብዙ እጅ ዞሮ መምጣቱን፣ የላከችልን እህትም የነገሩ ባለቤት አለመሆኗን ሊያስጠነቅቀን ነው። እኛ ግን ብልሆች ነንና ማዕረግ አደረግነው፦ አንድ ቀስት ያለው ሃምሳ አለቃ፣ ሁለት ያለው ሻምበል።

ዘዴው ከብዙ ድካም ያድናልና ሊመሰገን ይገባዋል። ማንበብ የለ፣ መጠየቅ የለ፣ ቀን ማየት የለ። ቋንቋችንም ተባብሮናል፤ «አሉ» የምትል ባለቤት የሌላት ቃል ሰጥቶናል፤ ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ስትቀመጥ ተናጋሪውን ከዕዳ ሁሉ ነፃ ታወጣዋለች። ተራዘመ አሉ። ማን አለ? አሉ። መቼ? አሉ እኮ ነው የምልህ! ከዚህ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ወይ ምቀኛ ነው፣ ወይ አገሩን አያውቅም። ማስረጃ ቢጠፋ ብዛት ይተካዋል፦ ጠዋት ከአክስት ልጅ፣ ቀትር ላይ ቤሩት ካለች ጓደኛ፣ ማታ ከዕቁብ ግሩፕ የመጣው ቮይስ ሦስት ምስክር ተብሎ ይቆጠራል። ሦስቱም ውስጥ ያው ሳል፣ ከኋላ የሚያለቅሰው ያው ሕፃን መኖሩ አያሳስብም። አንዱን በግ ሦስቴ በበሩ እያሳለፈ «መንጋዬን ቁጠሩልኝ» የሚል እረኛ ቢመጣብን እንስቅበት ነበር። ቮይስ ሲሆን ግን እንቆጥርለታለን።

መጠየቅ ለእኛ የባዕድ ጥበብ ነው እንዳይባል፣ የአያቶቻችን መዝናኛ እስኪመስል ድረስ የተካኑበት ሙያ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሕዝብ ከቦ እየሰማ፣ «ተጠየቅ!» እየተባባሉ ይፋጠጣሉ። ተሟጋቹ በቃሉ ላይ ውርርድ ያስይዛል፤ ማር እሰጥ፣ በቅሎ እሰጥ ይላል፤ ባላጋራው ይገጥመዋል። ዛሬ ለተራ ጭቅጭቅ የምናውለው «እሰጥ አገባ» ከዚያ ሙግት የተረፈን ቅርስ ነው፤ ጭቅጭቁን ይዘን በቅሎዋን ለቀቅናት እንጂ። የውርርዱ ፍሬ ነገር ደግሞ በበቅሎዋ ዋጋ ብቻ አይደለም። አፉን ሊከፍት የነበረ ሰው ንብረቱ ሊሄድበት መሆኑን ሲያስብ ያየውንና የሰማውን፣ የሚያውቀውንና የሚመኘውን በልቡ ይለያል። ማሰብ የሚባለው ሥራ አብዛኛው እዚያች ቆም የምትባልባት ቅጽበት ውስጥ ነው።

ከዚያው ከሙግቱ ጎን ግን ሌባ ሻይ የሚባል ዘዴም ነበረን። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ የተቀመመ ነገር ይጠጣል፣ ጢስ ይታጠናል፣ ወገቡን ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁን «ተጠየቅ» ቢሉት አያውቅም፤ ማን እንዳጠጣው እንጂ ማን እንደሰረቀ አላየማ። ከሁለቱ ውርሶች የትኛውን ወደ አረብ አገር ይዘን እንደተሻገርን ለማወቅ ቮይሱን መስማት ይበቃል። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ዝግ ነው፤ ቮይስ መላክ ግን ይቻላል። ስለዚህ የሚደርሰን ድምፅ ሲናገር አይቋረጥም፣ ፊቱ አይታይም፣ «ቆይ፣ ይህን አንተ ራስህ ሰምተሃል?» አይባልም። ሮጦ ከልባችን ደጃፍ ይወድቃል፤ የወደቀበትም ቦታ እውነት ተብሎ ይመዘገባል። ቦቲም በሚባለው፣ እዚያ በሚሠራው የጥሪ መተግበሪያ ደውሎ መጠየቅ አይቻልም ወይ የሚል ካለ፣ ይቻላል። ግን የጠየቀ ሰው መልስ ሊያገኝ ይችላልና አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ የወሬው ወዳጆች እውነተኛ ካርድ ይመዛሉ፤ ወሬው ልክ የሆነበት ጊዜ አለ። ኤምሬትስ ቪዛቸው ላለፈባቸው የሰጠችው የ2018ቱ ምህረት ከነሐሴ 1 እስከ ጥቅምት 31 (አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው) ተብሎ መጀመሪያ ወደ ታኅሣሥ 1፣ ቀጥሎ ወደ ታኅሣሥ 31 ተራዘመ። በ2024ም መስከረም 1 ተጀምሮ ጥቅምት 31 ያበቃል፣ አይራዘምም ተብሎ ሲነገር ቆየና፣ ጊዜው ሊያበቃ ሲል ሁለት ወር ተጨመረበት። ባለሥልጣኑ ተሳሳተ፣ ቮይሱ ልክ ሆነ! ይህን አልክድም፤ መንግሥት «አይሆንም» ያለውን ሲያደርግ የወሬን ገበያ ራሱ ያደራዋል። ነገር ግን ሁልጊዜ «ይራዘማል» የሚል ሰው የቆመ ሰዓት ነው፤ በቀን ሁለቴ ልክ ይሆናል፣ የትኛው ሁለቴ እንደሆነ ግን አይነግርህም። የቮይሱ ባለቤት በጥቅምት ያለውን በታኅሣሥም ደገመው፤ የ2024ቱ ታኅሣሥ 31 ግን መጨረሻ ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት ለቪዛ አልተተረተም፤ ያለፈው እያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጥራል፣ በወር 1,500። ይህም ከብዙ የቤት ሠራተኞች የወር ደመወዝ ይበልጣል። የሚገርመው፣ የምህረቱ ጉዳይ ከሚታይባቸው የአቡ ዳቢ ማዕከላት አንዱ የነበረው በሸሃማ፣ በአል ፈላሕ ጉርብትና ነው። መልሱ ጎረቤት ተቀምጦ ወሬው በቤሩት ዞሮ መጣ።

ወሬ እውነት ሲሆን እንኳ እንዴት እንደሚያስብልን ለማየት ወደ አገር ቤት መመለስ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ማውጣት ቻለ፤ «ኤቲኤሙ እየሰጠ ነው» የሚለው ወሬ በየዩኒቨርሲቲው ዶርም በረረ። ወሬው ንጹሕ እውነት ነበር። ተማሪው በሌሊት ተሰለፈ፤ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ወጥቶብኛል አለ። ከዚያ ማን ስንት እንዳወጣ በስም ተመዝግቦ ተገኘ፤ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቷቸው ተለጠፈ። ስንት የሒሳብና የምሕንድስና ተማሪ ባለበት ሰልፍ ውስጥ የጎደለው መረጃ ሳይሆን «ካወጣሁ በኋላስ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ናት። ወሬ የሚነግረን በሩ መከፈቱን ነው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ አይነግረንም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በ12 ክፍል ቪላ ውስጥ ስትፈትግ የምትውል፣ ዐረብኛ የማታነብ፣ ከማዳሟ ፈቃድ ውጭ በር የማትሻገር ልጅ ምን ታጣራ? ከ2022 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣታል፣ ፓስፖርቷንም በእጇ እንድትይዝ ይፈቅድላታል፤ ሕግ አለ ማለት ግን እሷ ወጣች ማለት አይደለም። ልክ ነው፤ ስለዚህ ሽሙጡ ለእሷ አይደለም። ለሚያነበው ነው፤ ኢንተርኔት በእጁ፣ ዲግሪ በግድግዳው ይዞ፣ «ጥቅም ቢኖረው ብዬ ነው» እያለ ለ40 ሰው ለሚያስተላልፈው። «ባይሆንስ ምን ይጎዳል?» ይላል። አይጎዳም፤ እሱን። ቮይሱን በማመን ሸሃማ ሳትሄድ የቀረችው ናት የምትከፍለው። በቲክቶክ ላይቭ «ሰበር» እያለ ስጦታ የሚሰበስበውማ ከሙግቱም ወጥቷል፤ እሱ ልጁን የሚያጠጣው ነው።

ደግነቱ የአገሩ ሕግ እኛ የተውነውን ውርርድ አስይዞልናል። ከ2022 ጥር ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወሬና የሳይበር ወንጀል አዋጅ ሐሰተኛ ወሬ በኢንተርኔት የሚያሰራጭን ቢያንስ 1 ዓመት እስርና ቢያንስ 100 ሺህ ድርሃም ያስይዘዋል። በዚህ ብዙ በቅሎ ይገዛል። እኔ ግን ሕጉን ማንም ላይ እንዲወርድ አልመኝም፤ የሚያስፈልገን ከእሱ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ቮይሱ ሲደርስ ላኪው ጋር በቦቲም መደወልና በአባቶች ወግ «ስንት ታስይዛለህ?» ማለት። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ይመልሳል፦ «ኧረ እኔ እንኳ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም፤ የደረሰኝን ነው የላክሁት።»