የኮርማው ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ

እዚህ ዋግ፣ ጽጽቃ ላይ ኮርማ ሥራ ፈት ሊሆን ነው። ጥፋት ተገኝቶበት አይደለም፤ ሰነፈ ያለውም የለም። ብቻ ሥራውን ለልጅቷ ሰጡበት። ልጅቷ ማን ናት ብትሉኝ የልጄ ልጅ ናት። ተምራ መጥታ «አባባ፣ አዳቃይ ቴክኒሻን ሆንኩ» ስትለኝ ልመርቃት ወይስ ላዝን ግራ ገብቶኝ አማተብኩ። በዋግ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ሐኪም ያድርግህ፣ ዳኛ ያድርግህ፣ ካልሆነም መሪጌታ ያድርግህ ተብሎ ነው የሚመረቅ። እጅሽን ላም ውስጥ እስከ ብብትሽ ያግባልሽ ብሎ የመረቀ ሽማግሌ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እስከ ብብት ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ትከሻ የሚደርስ ጓንት ታጠልቃለች። ግራ እጇን በፊንጢጣ በኩል ትከታለች፣ እበቱን ታወጣለች፣ ከዚያ በአንጀቱ ላይ ሆና ከስር የማህፀኑን በር ትዳብሳለች። እንደ ዶሮ አንገት ጠንከር ያለ ነው ትላለች። በቀኝ እጇ ቀጭኑን ብረት በላሟ ብልት በኩል ታስገባለች። በሩ ውስጥ ሦስት አራት ቀለበት አለ፤ ተማሪ ሁሉ ላብ በላብ የሚሆነው እዚህ ነው። ብረቱን መግፋት የለም፤ በግራ እጅ የያዙትን ማህፀን በብረቱ ላይ ማልበስ ነው ጥበቡ። ቀለበቱ ካለቀ አልፎ መሄድ ክልክል፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ከቄራ በመጣ ማህፀን ተለማመድን ብላ ስትነግረኝ ምሳ ላይ ነበርኩ። እንጀራው እንደቀረበ ተነሳ።

ተተኪው ኮርማ ራሱ አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ነው የሚኖረው። ወደኛ የሚመጣው አባለዘሩ ብቻ ነው፤ ሩብ ሚሊ ሊትር በምትይዝ ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ተነክሮ። ይህን ያሰበ ሰው የተከዜን ቆላ ፀሐይ አያውቃትም። ናይትሮጅኑ ማንም ሳይነካው ይተናል። በጊዜው ካልተሞላ ያ ሁሉ ኮርማ በአንድ ቀን አለቀ ማለት ነው፤ አልቃሽ እንኳ አይጠራለትም።

ማቀዝቀዙን ያገኘው ፖልጅ የሚባል እንግሊዛዊ ነው አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ከባልደረቦቹ ጋር። በዶሮ አባለዘር ሲሞክሩ የጠርሙስ ስም ተሳስቶባቸው፣ ስኳር ነው ብለው የጨመሩት ግሊሰሪን ሆኖ ተገኘ፤ ዘሩም ከብርዱ ተረፈ። እኔ ጓዳ ጠርሙስ ቢሳሳት ጠላው ነው የሚበላሽ። እነሱ ሲሳሳቱ ግን የኔ ኮርማ ከሥራው ይፈናቀላል።

ለነገሩ እንዲህ ያለው ማዳቀል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 አስመራ ላይ ተጀመረ፤ ጦርነት መጣና ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1952 ቀጠለ፤ አባለዘሩንና ናይትሮጅኑን ከውጭ መግዛቱ ኪስ አራቆተና ደግሞ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1967 ስዊድኖች አርሲ፣ ጭላሎ ላይ እንደገና አነሱት። ኮርማ ግን በጣሊያንም፣ በንጉሡም፣ በደርግም አንድ ቀን ተቋርጦ አያውቅም።

«አባባ፣ የመንደር ኮርማ እኮ የራሱን ልጆች ያስረግዛል» ትለኛለች። ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ከብት ግን ለምን አይቆጠርለትም ማለቷ ነው። በሽታም ከላም ላም ያዛምታል አለችኝ። እዚህ ላይ መልስ አጣሁ፤ ስለዚህ ቡና አምጪ አልኳት።

ለስጋ ይሆንዎታል ብላ የመረጠችልኝ ቦረና ነው። በዚህ አልተጣላንም። ቦረና ድርቅ ያውቃል፣ ሥጋ ይይዛል፣ ሻኛም አለው። የፈረንጅ ከብቱን ሆልስታይኑን ግን ደጄ አላስደርስም፤ ጥላ ይላል፣ ውሃ ይላል፣ መኖ ይላል። የኛ ላም የ77ን ድርቅ ያየች ዘር ናት፤ ቃርሚያ በልታ ገደል ወጥታ የምትውል። ደግሞ ለትንሽ ላም ትልቅ ኮርማ ሲሰጣት ጥጃው መውጫ ያጣል። ያኔ ሌሊት በገመድ የሚጎትተው ማነው? ቃሊቲ አይመጣ። እኔ ነኝ።

የኔ ዋና ምሬት ግን ይህም አይደለም። ኮርማው ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱን ልጅቷ ወሰደች፤ ሁለተኛውን ማንም ሳይጠይቀኝ ለኔ ጫኑብኝ። ላሟ መድራቷን ማወቅ የኮርማ አፍንጫ ሥራ ነበር። አሁን የኔ ዓይን ሥራ ሆነ፤ ያውም ሞራ የጋረደው ዓይን። ምልክቱን አስጠናችኝ፦ ትጮሃለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ ሌላ ላም ላይ ትወጣለች፣ የጠራ ዝልግልግ ይወርዳታል፤ ሌላ ሲወጣባት ቆማ ከጠበቀች ያኔ እርግጥ ነው። እንግዲህ ነጠላዬን አጣፍቼ ከቅዳሴ ስመለስ ላም ጭራ ስር አጎንብሼ ቆሜ ጎረቤት «አባቴ፣ ምን ጠፋብዎ?» ቢለኝ ምን ልበል?

ጠዋት ከደራች ማታ፣ ማታ ከደራች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ዕንቁላሉ የሚለቀቀው ድራቱ ካበቃ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ቢቸኩሉም ቢዘገዩም ኪሳራ ነው። የሐበሻ ላም ደግሞ ድራቷ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ትጀምራለች። ጨዋ ናት፣ ሰው ፊት አታደርገውም። እሁድና በዓልማ አይነሳ! ላሟ ቀን መቁጠሪያ የላት፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን አለው።

ለዚህም መላ አለን አሉ። ሆርሞን ወግተው የቀበሌውን ላም በአንድ ሰሞን ያስደራሉ። መርፌው እርጉዝ ላም ካገኘ ያስወርዳታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እያንዳንዷ ትዳበሳለች። ሰልፉን አስቡት! ላሞቹን አስሮ፣ ይዞ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውለው ደግሞ ያው ነው፤ ስሙን አልደግምም።

ሰሞኑን ልጅቷ ደብተር ሰጠችኝ። የተዳቀለችበትን ቀን፣ የኮርማውን ቁጥር ጻፍ። በ21ኛው ቀን ላሟን ተመልከት፤ ከደራች አልያዘችም፣ እንደገና ከሀ ጀምር። በ3 ወር ትዳበስ። ይሁን፣ እጽፋለሁ። የወረዳው ሰው ሲመጣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ኮርማው በየቀኑ የሚበላው ጭድ ነበረው፤ ሥራውን ከወሰድኩ ያ ጭድ በብር ተተምኖ ለማን ነው የሚከፈለው?