መካሪ የሌለው እምቦጭ

ባሕር ዳር ውስጥ ከአጥሩ ውጭ ችግኝ የተከለ ሰው ሳያውቀው የምክር ቢሮ ከፍቷል። በእኔ ደጃፍ፣ በቦዩና በግንቡ መካከል፣ ቁመቷ ከወገቤ ያልዘለለ አንዲት የዋንዛ ችግኝ ቆማለች። እሷ ዝም ብላለች፤ አላፊ አግዳሚው ግን ዝም አላለም።

“ኧረ ልጄ፣ ይቺ እኮ ውኃ ጠምቷታል!” ይላሉ ገበያ የሚወርዱት እናት። ጆጉን ይዤ ብቅ ስል ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት አባት ምርኩዛቸውን ተከል አድርገው “ውኃ አታብዛባት፤ ሥሯ ይበሰብሳል” ይሉኛል። አንዱ አመድ ያዛል፣ ሌላው የፍየል በጠጥ። የባጃጅ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አውጥቶ “አቮካዶ ብትተክል ይሄኔ ትበላ ነበር!” ብሎኝ ይፈተለካል። ምክር የማይሰጠኝ የሰፈሩ ፍየል ብቻ ነው። እሱ በቀጥታ ወደ ሥራው ይገባል።

ይህን ሁሉ መካሪ እያየሁ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ጣና ላይ ለተንሰራፋው የውኃ አረም፣ ለእምቦጭ፣ ማን መከረው?

እስቲ የሁለቱን ፍላጎት ጎን ለጎን እንየው። ዋንዛ ጥልቅና ውኃ የማይተኛበት አፈር ትወዳለች። ሥሯን የምትዘረጋበት ቦታ ያስፈልጋታል፤ የመጀመሪያዎቹን በጋዎች እስክትሻገር ውኃ የሚያቀብላት ሰው፣ ከከብት የሚከልላት አጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትዕግሥት። አየሩስ አይጎድልባትም፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ለዋንዛ ደህና መንደር ነው። የጎደለው ሌላው ሁሉ ነው።

እምቦጭ አፈር እንኳ አይጠይቅም። የቅጠሉ አንገት በአየር የተነፋ ስለሆነ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሥሩን ወደ ታች ያንጠለጥላል፣ በቃ። ፀሐይ፣ ማዕበል የማይበዛበት ዳርቻና ምግብ የተቀላቀለበት ውኃ ካገኘ ሌላ ጣጣ የለውም። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን ነው። እኛ ዘንድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፤ ጣና ላይ መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በወረቀት ላይ ካሰላነው አንዷ እምቦጭ በስድስት ወር 8,192 ትሆናለች፤ በዓመቷ 67 ሚሊዮን ታልፋለች። የእኔ ዋንዛ በዓመቷ አንድ ናት። ያውም ፍየሉ ከፈቀደ።

(የውኃ ተክል ሁሉ እንዲህ ነው እንዳትሉብኝ። ደንገልም የውኃ ነው፤ ታንኳ ሆኖ ስንቱን አሻግሯል። ደንገልን በክፉ የሚያነሣ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።)

ይህን አረም ለማጥፋት የሰው ልጅ ያላሰበው ነገር የለም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን አሜሪካኖቹ ያሰቡት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 የሉዊዚያናን ወንዞች እምቦጭ ዘግቷቸዋል፤ አገሩ ደግሞ ሥጋ ተወዶበታል። ሮበርት ብሩሳርድ የሚባሉ የግዛቲቱ እንደራሴ ሁለቱን ችግሮች ጎን ለጎን አስቀመጡና መፍትሔ አገኙ፤ ጉማሬ። ጉማሬው ከአፍሪካ ይምጣ፣ እምቦጩን ይብላ፣ ሕዝቡም ጉማሬውን ይብላ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ረቂቅ ሕግ ሆኖ ለምክር ቤቱ ቀርቧል።

ሐሳቡን ደግፈው ለኮሚቴው ቃላቸውን ከሰጡት መካከል ፍሬድሪክ በርንሃምና ፍሪትዝ ዱኬን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ጊዜ በተቃራኒ ወገን የተሰለፉ፣ አንዱ ሌላውን አድኖ እንዲገድል የታዘዘ ጠላቶች ናቸው። ሽማግሌ ሳይገባ፣ ካሣ ሳይቆረጥ፣ ጉማሬ አስታረቃቸው። ዱኬን በኋላ የጀርመን ሰላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1941 ኒውዮርክ ውስጥ ተይዟል። ይህ ከዋንዛ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምቶ ለብቻ መያዝ አይቻልም።

ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ጣና ጉማሬ አለው፤ ቢጠይቁን እንነግራቸው ነበር። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ የየብስ ሣር ይግጣል፤ ከቀናውም የሰው በቆሎ። ጎረቤቱ እምቦጭ ሆኖ ሳለ እራቱን የሚበላው ማሳ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ማማ ላይ ሆኖ ጉማሬ ሲያባርር ያደረ አንድ የደምቢያ ገበሬ ዋሽንግተን ተጠርቶ ቢመሰክር ኖሮ ጉዳዩ ቡና ሳይፈላ ይዘጋ ነበር።

እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ። “እምቦጭ እኮ ማንም ሳይንከባከበው ነው የበቀለው” ሲባል ግን ደሜ ይፈላል። ውሸት ነው! እንደ እምቦጭ የተንከባከብነው ተክል የለንም። ከደጋው ማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽስ? ናይትሮጅኑን፣ ፎስፎረሱን፣ የሳሙናውን እጣቢ ሁሉ ሳናስታጉል እንልክለታለን። ስብሰባ አልጠራንበትም፣ በጀት አነሰ አላልንም፣ አንድ ክረምት እንኳ አልዘለልንም። ለጥላ ዛፍ ግን የምናውቀው የመትከያውን ቀን ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ገልጾ ነበር። መትከሉን አልጠላም፤ እኔም ዶማ ይዤ ወጥቻለሁ። ነገር ግን ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ወትፎ፣ ፎቶውን ተነሥቶ፣ እጁን አራግፎ የሄደ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ከነፕላስቲኩ! ሥሩ በየት ይውጣ? ጥር ላይ ስለ ጽድቀት መጠኑ ብትጠይቁት ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ያሳያችኋል። ፎቶው ለምልሟል።

እሺ፣ ይብቃኝ። ሁሉም እንደዚያ አይደለም። እምቦጭ ሲነቀል ያዩ ሰዎች የሐይቁ ዳር ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው እየጎተቱ እንደሚያወጡት ያውቃሉ። ያን ሁሉ ተሸክመው ዳር ይከምሩታል፤ ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በእነሱ ፊት ስለ አንዲት ዋንዛ ማማረር ነውር ነው። አበባው ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያምራል። ሐምራዊ ነው። መልክና ጠባይ አብረው የሚሄዱ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በዳነ።

ዋንዛ ነጭ ታብባለች፤ ንቦች ይወዷታል። ፍሬዋ ጣፋጭና የሚያጣብቅ ስለሆነ ልጆች በድንጋይ ያወርዱታል፤ ድንጋዩ የሚያርፈው የእኔ ቆርቆሮ ላይ እንደሚሆን ከአሁኑ ይታየኛል። በጋ ላይ ቅጠሏ ይረግፋል፤ ጠራጊው እኔው ነኝ። አንድ አናጢ በቀደም ቆም ብሎ አያትና “ግሩም አልጋ ይወጣታል” አለ። ገና ከወገቤ አላለፈችም እኮ!

ካደገች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጥላ ባለበት ሎተሪ አዟሪ ይቆማል፣ ሊስትሮ ሳጥኑን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ጀበና ይመጣል፣ ጀበና ሲመጣ መንደሩ ይመጣል። እዚያ ሥር ቡና የምትከፍቺው እህቴ፣ ማንም ሁኚ ማን፣ ከወዲሁ ልለምንሽ፤ በርጩማዎቹን ከበሩ ራቅ አድርጊልኝ፣ መውጫ አሳጡኝ እንዳልል።