«ሰላም ነሽ?» ከአትላንቲክ ማዶ

አንድ ቢሮ ከሚውሉ ሰዎች ጋር መሥራት ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ በርሊንና ባንጋሎር ከተቀመጡ ሰዎች ጋር አዲስ አበባ ሆኖ መሥራት ግን በትዕግሥት ብቻ አይቻልም፤ እንቅልፍም ይከፈልበታል።

የቡድናችን ሳምንታዊ ስብሰባ ሐሙስ ነው። ሁሉንም በሀበሻ ሰዓት ልንገራችሁ። ሲያትል ያለው አለቃችን ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ይዞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ዙም ይከፍታል። የበርሊኗ ልጅ ሕፃኗን አስተኝታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ትገባለች። እኔ 5 ሰዓት ላይ። የባንጋሎሩ ባልደረባዬ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ፤ እሱ ዘንድ ዓርብ ገብቷል። (ህንድ ከእኛ የምትቀድመው በ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ትርፍዋ ግማሽ ሰዓት ሰው ስታሳስት እንጂ ስትጠቅም አላየሁም።) የሁለታችን ማይክ አብሮ ከተከፈተ የአዲስ አበባና የባንጋሎር የሰፈር ውሾች ስብሰባውን ይረከቡታል።

ይህ በበጋቸው ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። አውሮፓ አንድ ሳምንት ቀድማ መልሳለችና የበርሊኗ ልጅ ተመልሳ እዚያችው 4 ሰዓቷ ላይ ትረጋለች። እኔና የባንጋሎሩ ሰዓታችንን በእጃችን አልነካንም፤ ስብሰባው ግን እኔን ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት፣ እሱን ወደ 8 ሰዓት ተኩል ይገፋናል። ሰዓታቸውን የነካኩት እነሱ፣ እንቅልፍ የምናጣው እኛ! እኛማ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ እንደ እነሱ ሰዓት እያዛወርን የምንቆጥበው ብርሃን የለንም። በማርች ደግሞ አሜሪካ ቀድማ፣ አውሮፓ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ዘግይታ ወደ ፊት ይገፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት ሰዓቱን በትክክል የሚያውቅ የቡድናችን አባል ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ እናቴ ነጠላዋን ደርባ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ከማን ጋር ነው የምትሟገቺው?»

«ሥራ ነው እማዬ።»

«ዘበኛ እንኳ በፈረቃ ነው የሚያድረው።»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት የተነጋገርነውን ሳስበው ይበልጥ ያናድደኛል። እያንዳንዳችን በተራ ሳምንቱን የሠራነውን አነበብን፤ አለቃችን «ግሩም» አለ፤ ተሰነባበትን። ይህ ተጽፎ ቢላክ ሁሉም በየጠዋቱ ከቁርስ ጋር ያነበው ነበር። ሰው ከእንቅልፉ መቀስቀስ ያለበት ለጠብ ወይም ለውሳኔ ነው፤ ለሪፖርት አይደለም።

ግን መጻፉም የራሱ ጣጣ አለው። የዋሽንግተኑ ባልደረባችን ያገራችን ሰው ናቸው፤ በዕድሜም ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰኞ ከሥራ ሲወጡ በሥራ መጻጻፊያችን በስላክ «ሰላም ነሽ ልጄ?» ብለው ይልካሉ፤ እኔ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ጋሼ?» እላለሁ፤ እሳቸው ተኝተዋል። ማክሰኞ ከሥራ ሲወጡ «ይመስገነው። እናትሽ እንዴት ናቸው?» ይላሉ። ረቡዕ ጠዋት «ደህና ናት፣ ሰላም ትላለች» ብዬ እመልሳለሁ። ሐሙስ ስነሣ ዋናው ጉዳይ ደርሷል፦ «ያቺን ፋይል የት ነበር ያስቀመጥሻት?»

ፋይሏ ከሰኞ ጀምሮ የትም አልሄደችም።

ቀጠሯቸውም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ አማርኛ ሲናገሩ ግን ሰዓታቸው ከቦሌ አልተሻገረም። «ነገ በ3 ሰዓት እደውላለሁ» ካሉ የዋሽንግተን ጠዋት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ዘንድ እንደ ወራቱ 10 ወይም 11 ሰዓት፣ አመሻሽ ማለት ነው። የፈረንጁን 3 ሰዓት ከሆነ የማነሣው ፒጃማ ለብሼ ነው። የእኔን 3 ሰዓት አስበውልኝ ከሆነ ደግሞ እሳቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንቃታቸው ነው፤ ያኔ እኔ አዝናለሁ።

ፈረንጆቹ ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አዲስ ሶፍትዌር ይመስላቸዋል። እኔ ግን መድኃኒቱን እናቴ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ አያቴ ከጎጃም ይልኩላት የነበሩትን ደብዳቤዎች። ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ሳምንታት በሚፈጅበት ዘመን «እንዴት ነሽ?» ብሎ መልስ መጠበቅ የማይታሰብ ነው። አያቴ ጤናዋን ይጠይቁና እዚያው የራሳቸውን ጤና ይናገራሉ፤ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነን»። ቀጥለው ላሚቱ መውለዷን፣ ማን እንደ ሞተ፣ ምን እንደ ቸገራቸው፣ ምን እንድትልክላቸው እንደሚፈልጉ ያሰፍራሉ። መጨረሻ ላይ ደብዳቤውን ያመጣው ሰው መቼ እንደሚመለስና መልሱን ለእሱ እንድትሰጠው ይነግሯታል። ሰላምታውም፣ ጉዳዩም፣ ቀነ ገደቡም በአንድ ገጽ!

ይህን ጥበብ ከእኛ ቡድን የያዘው የባንጋሎሩ ልጅ ነው። ባለፈው እንዲህ ጻፈልኝ፦ «ደህና አደርሽ። የክፍያው ገጽ በሞባይል ሲከፈት ይቆረጣል፤ ፎቶው ከታች አለ። ሁለት መፍትሔ አለኝ፤ የመጀመሪያው ይሻላል እላለሁ። በአንቺ ሰዓት እስከ ቀኑ 8 መልስ ካላየሁ በእሱ እቀጥላለሁ።» አንብቤ ጨረስኩ፣ ተስማማሁ፣ ወደ ቡናዬ ተመለስኩ። የዚህ ልጅ አያት የጎጃም ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሰዓቱ ጉዳይ ሲገርመን በዓሉ ይጨመርበታል። እነሱ ገናቸውን ጨርሰው፣ አዲስ ዓመታቸውን አክብረው፣ ትኩስ ጉልበት ይዘው በጃንዋሪ መጀመሪያ ሥራ ሲገቡ የእኛ ገና ገና ነው። ይህን በጋራው ካላንደር ላይ አስቀድሞ መመዝገብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያልመዘገበ ሰው ዶሮ ወጡን እያማሰለ ስብሰባ ይገባል።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነቡ ከሆነ ሰላምታዎን ይቅርብኝ ማለቴ አይደለም፤ ደስ ይለኛል። ጉዳዩን ብቻ ከሰላምታው ጋር አብረው ይላኩልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴም ደህና ናት፤ ፋይሏም «የተጠናቀቁ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ናት።