የሕዝብን ኑሮ አሳስቶ ለመለካት

የሕዝብን ኑሮ አሳስተው መለካት ከፈለጉ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ይጀምሩ። ምርቱ በዚህን ያህል በመቶ አደገ ከተባለ፣ ሰዉ እንዴት ውሎ እንዴት እንዳደረ የሚጠይቅ አይኖርም። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ለሐኪም የከፈለው ይደመራል፤ ከሰል ሆኖ የተሸጠ ዛፍ ይደመራል፤ የተራቆተው ተራራ ግን አይቀነስም። የዚህን ስሌት መሠረት ከጣሉት አንዱ ሳይመን ኩዝኔትስ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ሴኔት በቀረበው ሪፖርቱ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢው መጠን ማወቅ እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። ያንን ገጽ ዘለው ይለፉት። ይህን ምክር የምጽፈው ማንም እንዳይከተለው ነው። ሲሠራበት የኖረ ምክር ነው፤ የሚጎዳቸው ሰዎችም በየመንደራችን አሉ።

ቀጥለው፣ ሥራ ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ብቻ ነው ይበሉ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፊሊስ ዲን የምትባል ወጣት ብሪታንያዊት የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ ያኔ ቅኝ ግዛት የነበሩትን የዛሬዎቹን ዛምቢያንና ማላዊን ብሔራዊ ገቢ እንድታሰላ ተመደበች። ለብሪታንያ ኢኮኖሚ የተሰናዳውን ቀመር ይዛ ወደ መንደሮቹ ስትቀርብ፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ እህል የሚፈጩትና የሚያበስሉት ሴቶች ከስሌቱ ውጭ እንደሚቀሩ አየች። ይህ ሥራ ካልገባ የአገሩ ኑሮ አይታይም ብላ ተከራከረች፤ ሰሚ ግን አላገኘችም። በ1953 የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ ማብሰልን፣ ልጅ ማሳደግንና በሽተኛ ማስታመምን ከምርት አልቆጠራቸውም። ዛሬም በዋናው ስሌት ውስጥ የሉም።

ደሴ ያለች ሴት የታመመች እናቷን ስታጥብ፣ ስታበላ፣ ሌሊት እየተነሣች ስታገላብጥ ብትከርም በየትኛውም ብሔራዊ ሒሳብ ላይ አንድ ሳንቲም አይመዘገብላትም። ያቺው ሴት ሪያድ ሄዳ የሰው እናት ብታስታምም ግን ደመወዟ በሳዑዲ ዐረቢያ ምርት ውስጥ ይገባል። እጁም ያው እጅ፣ ድካሙም ያው ድካም ነው። እሷ በመሄዷ ደሴ ላይ የጎደለው ነገርም ከየትም ሒሳብ አልተቀነሰም። መለኪያዎ ስሕተት ሆኖ እንዲዘልቅ ከፈለጉ እንዲህ ያለችውን ሴት በምንም ምክንያት እንዳይጠይቋት።

ወደ መሠረተ ልማት ሲመጡ ቧንቧውን ይቁጠሩ፣ ውሃውን ይተዉት። አንድ ቦኖ በተመረቀ ቀን፣ በዲዛይኑ ላይ ይጠቀማሉ የተባሉት ሰዎች ሁሉ ጠጥተው እንደረኩ አድርገው ይመዝግቡ። ፓምፑ የተቃጠለ ቀን መዝገቡን አይንኩት። ከቦኖው አጠገብ ከንጋት ጀምሮ የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች፣ ባለቤቶቻቸው ወረፋ አስይዘው ልጅ ለማጥባት የሄዱባቸው፣ በሪፖርቱ ላይ ቦታ የላቸውም። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በገመድ ታዝሎ ዳገት ይወጣል። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ማን ከሩቅ እንደሚመጣ፣ የትኛዋ ልጅ በወረፋው ምክንያት ትምህርት ቤት እንደምታረፍድ የቦኖ ጠባቂዋ ታውቃለች። ወረቀት ይዞ መጥቶ የጠየቃት ሰው ካለ ግን ልፋትዎ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መስፈርትዎንም ከፍ አያድርጉ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የገጠር ሰው ንጹህ ውሃ አገኘ የሚባለው በቀን 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ሲያገኝ ነበር። በሁለተኛው ዕቅድ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሆነ። መስፈርቱ ሲጠብቅ በአሮጌው መለኪያ ተጠቃሚ የተባለ ሰው ሁሉ ተጠቃሚ ሆኖ አልቀጠለም፤ ሽፋኑ ወረቀት ላይ ዝቅ አለ። ቁጥሩ እንደሚቀንስ እያወቁ ይህን ያደረጉ ባለሙያዎች ክብር ይገባቸዋል። ሰው በቀን 15 ሊትር ጠጥቶ፣ አብስሎ፣ ታጥቦ፣ ልብስ አጥቦ እንደማይበቃው ለማመን ድፍረት ይጠይቃል።

የሕፃናትን ነገር በተመለከተ፣ የሚያስደስተውን ብቻ ይናገሩ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ያህሉ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 ወርደዋል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ በየቀበሌው ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። ስሕተቱን ለመሥራት እዚህ ላይ ያቁሙ። ኢኮኖሚው ከአሥር ዓመት በላይ በፍጥነት ማደጉ ሲነገር ከቆየ በኋላም ከ3 ሕፃናት ከ1 በላይ ቀንጭሮ መቅረቱን አይናገሩ። መቀንጨር ዓይን ላይ አይወድቅም። የጎረቤት ልጆችም ቁመታቸው ያው ስለሆነ እናት ልጇ እንዳጠረባት አታውቅም፤ የሚናገረው የቁመት መለኪያው ሰሌዳ ብቻ ነው። መለካት ለድኻ ልጅ ጥብቅና የሚቆምበት ቦታ ይህ ነውና፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥናቱ ይሁን።

ደስታን ራሱን እንለካ የሚል አማካሪ ከመጣ አይከልክሉት። ሕይወትዎን ከ0 እስከ 10 በተቆጠረ መሰላል ላይ የት ያስቀምጡታል ብሎ መጠየቅ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ፊንላንድን ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ አንደኛ የሚያደርገው የዓለም የደስታ ሪፖርትም በዚሁ ይሠራል። ጥያቄው ክፋት የለውም። ለማበላሸት ግን ጠያቂው ከቀበሌ ሰው ጋር አብሮ በር ያንኳኳ። ደኅና ነኝ ብል ከሴፍቲኔት መዝገብ እሰረዛለሁ፣ ከፋኝ ብል አማራሪ ተብዬ ይያዝብኛል የምትል እናት ተመስገን ትላለች። መልሷን በቁጥር ያስገቡት።

የቡታንን ምሳሌ ሲጠቅሱ ደግሞ ግማሹን ይንገሩ። ንጉሥ ጂግሜ ሲንጌ ዋንግቹክ በ1970ዎቹ ያነሡት ጠቅላላ ብሔራዊ ደስታ በ2008ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል፤ በ9 ዘርፎችና በ33 አመልካቾች ይለካል። ሰው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ጎረቤቱን ያምን እንደሆነ፣ ለሌላው ጊዜና ገንዘብ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቃል። ከልብ የማደንቀው ሥራ ነው፤ ብዙ ሀብታም አገሮች ዜጎቻቸውን እንዲህ ጠይቀው አያውቁም። ያልተነገረው ግማሽ በደቡብ ቡታን ይኖሩ የነበሩት ኔፓልኛ ተናጋሪዎች ታሪክ ነው። በ1988 በተጀመረው ቆጠራ፣ ዜጋ ለመባል በ1958 እዚያ እንደነበሩ የሚያሳይ የግብር ደረሰኝ ይጠየቁ ጀመር። በ1989 የሰሜኑን አለባበስና ሥርዓት፣ ድሪግላም ናምዛ የሚባለውን፣ እንዲይዙ ታዘዙ፤ ቋንቋቸውም ከትምህርት ቤት ወጣ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ምሥራቅ ኔፓል ካምፕ ውስጥ ገባ፤ ከዓመታት በኋላም አብዛኛው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የደስታው ጥናት በ2010 በአገሩ ሲዞር እነዚህ ሰዎች የሚንኳኳ በር ቡታን ውስጥ አልነበራቸውም። ከ33ቱ አመልካቾች አንዱ ደግሞ ድሪግላም ናምዛ ነው። ማን ሕዝብ እንደሆነ አስቀድሞ የወሰነ መንግሥት የቀሩትን ብቻ ጠይቆ ጥሩ ውጤት ማግኘት ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም አንድ ትክክለኛ ቁጥር ካመለጠዎት፣ በጀት ከሚወሰንበት ጠረጴዛ ያርቁት። ዌልስ ያደረገችውን አያድርጉ። በ2015 የመጪውን ትውልድ ደኅንነት የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸው ከብዙ ዓመት በኋላ በሰው ላይ የሚያመጣውን እንዲመዝኑ አስገደደች፤ ገና ላልተወለዱት የሚከራከር ኮሚሽነርም ሾመች። ኒውፖርት ከተማ አጠገብ በግዌንት ረግረጋማ መሬት ላይ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የሚፈጅ አውራ ጎዳና ሲታቀድ፣ የንግዱ ዓለም ይሠራልን አለ፤ ለኢኮኖሚው ያለው ጥቅምም ተሰልቶ ቀረበ። ኮሚሽነሯ ሶፊ ሃው ሕጉን ይዛ ተቃወመች። በ2019 ቀዳሚ ሚኒስትሩ ማርክ ድሬክፎርድ ወጪውንና በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጠቅሰው ዕቅዱን ውድቅ አደረጉት።