ከበርጫ እስከ ትሮፖኒን

ከሂርና የተነሳነው አዲስ አበባ ለመግባት ነበር። ጭሮ ስንደርስ ግን የአክስቴ ልጅ፣ ጋሼ፣ "ዘመድ ሰላም ሳልል አላልፍም" አለ። እዚያ ሰላምታ ማለት ምሳ ነው፤ ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጫት ይቀርባል፣ በርጫው ይሞቃል።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሰዉ ሁሉ በምርቃና ዝም ባለበት፣ ጋሼ ደረቱን ያዘ። ላብ አጠመቀው። የጫቱ አረንጓዴ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ፊቱ አመድ መሰለ። "ጨጓራዬ ነው አቦ፣ ወተት ስጡኝ" አለ፤ ቤቱ በሙሉ ተስማማለት። እኔ እምቢ ብዬ ባጃጅ ጠራሁ። ባጃጁ ዳገቱ ላይ ቆመ፤ ገፍተን ሐኪም ቤት ደረስን።

የደም ምርመራው ነጻ ወጣ። ጋሼ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ነርሷ ግን "ሕመሙ ከጀመረዎት ስንት ሰዓት ሆነው?" አለችው። አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው። "እንግዲያው አይሄዱም፤ ሌሊት እንደግመዋለን።" የሚደገምበት ኪት ግን አልነበረም፤ ያ የመጨረሻው ነበር።

በምርመራው የሚፈለገው ትሮፖኒን ነው። የልብን ጡንቻ መኮማተር የሚቆጣጠር ፕሮቲን ነው፤ አንዱ ክፍሉ ካልሲየም ሲይዝ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሲለቀው ይላላል። ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኢባሺ ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኘው። ካልሲየም ለልብ ምት ግድ መሆኑ ራሱ የታወቀው በአጋጣሚ ነው፤ ሲድኒ ሪንገር ለንደን ላይ የእንቁራሪት ልብ ያስመታበት ፈሳሽ በቧንቧ ውሃ የተሠራ ነበር። በተጣራ ውሃ ሲሠራው ልቡ ቆመ፤ ካልሲየም ሲጨምርበት መታ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1883 አሳተመ።

ያው ካልሲየም ሲበዛ ግን ይገድላል። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ሕዋሱ ካልሲየሙን ማስወጣት ያቅተዋል። ካልፔይን የሚባለው ኢንዛይም በካልሲየም ይነቃና የገዛ ቤቱን ፕሮቲኖች፣ ትሮፖኒንንም ጭምር፣ ይቆራርጣል፤ ይልቁንም ደሙ በተመለሰ ጊዜ። ሽፋኑ የተቀደደ ሕዋስ ትሮፖኒኑን ወደ ደም ያፈሳል። በተለመደው ኪት ለመታየት ግን ሦስት አራት ሰዓት ይፈልጋል። የጫቱ ካቲኖን ደግሞ ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል፤ ልብን ያስሮጣል፣ ደም ሥርን ያጠባል። የመን ውስጥ የተጠኑ ቃሚዎች ሃርት አታክ የበዛባቸው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፣ በበርጫ ሰዓት። "ጨጓራ ነው" የሚለው ቃል ስንቱን ሰው እንደበላ ሳስብ ይቆጨኛል። ጭሮ፣ ገለምሶ፣ በዴሳ፣ ሂርና ጫት የማይጠፋባቸው ከተሞች ናቸው፤ ይህ ኪትም ሊጠፋባቸው አይገባም።

መድኃኒት ቤቶቹን በር በር እያንኳኳሁ ዞርኩ። አንዱ ባለቤት ከእራቱ ተነስቶ መጣና ከመደርደሪያው ጥግ ኪቱን አወጣልኝ። አራት ሰዓት ላይ ደሙ ተደገመ፤ ሁለተኛዋ መስመር ቀላች። ጋሼን አስፕሪን አስኝከው አምቡላንስ ላይ አወጡት፤ በሚኤሶ፣ በአዋሽ አድርገን ወደ አዳማ ወረድን። ሌሊቱን ሙሉ የምጠይቀው "አሁንስ ያምሃል?" ብቻ ነበር፤ እሱም በየጊዜው "አለሁ" ይለኛል።