ዕድሜያቸው ለትምህርት ያልደረሰ የአካል ጉዳተኛ ሕፃናትን በቅንጅት ከቢሮ ቢሮ ለማዘዋወር የወጣ አዋጅ

ስሙ፣ ስሙ፣ ተሰማሙ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! መስማት የተሳነህ ደግሞ ከጎረቤትህ ጠይቅ፤ ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የተያዘ በጀት የለም።

እኛ ከዚህ በታች ማኅተማችንን የምናሳርፍ መሥሪያ ቤቶች፤

በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ የተደነገገ በመሆኑ፣ አቅም ደግሞ ተነሥቶ «ፈቅጃለሁ» ሲል እስካሁን ሰምተን ስለማናውቅ፤

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ከጽንስ እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ሕፃናት አንድ የጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ ያወጡ በመሆኑ፣ ሦስት ሆነው የፈረሙበትን ነገር ግን እያንዳንዱ ፈራሚ የሌሎቹ የሁለቱ ሥራ ነው ብሎ መተኛቱ ያለ ስለሆነ፤

በዚያው ዓመት ሀገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀች በመሆኑ፣ ስምምነቱም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወረዳ በመጓዝ ላይ ስለሚገኝ፤

በ2014 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ከሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲዛወር ባለጉዳዩ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ በግልጽ ያልተነገረው በመሆኑ፤

የባለድርሻ አካላትን ቅንጅታዊ አሠራር ከመቼውም ጊዜ በላይ ማጠናከር በማስፈለጉ፣ የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ አጭር ርዕስ የለውም። በአጭሩ የሚያልቅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አንዱ መሥሪያ ቤት ይጨርሰው ነበር።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሕፃን» ማለት በጤና በኩል አምስት ዓመት እስኪሞላው የሚመዘን፣ በትምህርት በኩል አራት ዓመት እስኪሞላው የማይታወቅ፣ በማኅበራዊ ጉዳይ በኩል ደግሞ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ የሚታወስ ፍጡር ነው።

«ቅንጅት» ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ባነር ሥር ቆመው የሚነሡት ፎቶግራፍ ነው።

«ተስማሚ ዕድሜ» ማለት «ገና ነው» መባሉ ካበቃ በኋላ፣ «አልፎበታል» መባሉ ከመጀመሩ በፊት ያለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያን ዕለት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

«አስተባባሪ» ማለት በዚህ አዋጅ አንቀጽ 6 የተሾመችው ናት።

ክፍል ሁለት
የመሥሪያ ቤቶች ሥልጣንና ተግባር

3. ስለ ጤና

እናት ልጇን ይዛ በ45 ቀኑ ለክትባት ትመጣለች። በሁለት ወር ተኩሉ ትመጣለች፣ በሦስት ወር ተኩሉ ትመጣለች፣ በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር ልጁ በሚዛን ይንጠለጠላል፣ ከፍ ሲልም የክንዱ ዙሪያ በጥብጣብ ይለካል፣ ተወግቶም ሰፈሩን በለቅሶ ያናውጣል። መቼም በዚች ሀገር ይህን ያህል ጊዜ በመንግሥት ሠራተኛ ዓይን የሚታይ ዜጋ ከሕፃን በቀር የለም። ሆኖም ባለሙያው እግረ መንገዱን ከልጁ ጀርባ ቆሞ አጨብጭቦ፣ ልጁ ይዞር አይዞር እንደሆነ ማየቱ በዚህ አዋጅ ተከልክሏል። ቢዞር የምናገኘው ትርፍ የለም። ባይዞር ደግሞ የት እንደሚላክ ለባለሙያው የነገረው የለም፤ የማይላክበትን ችግር ማወቅ ሰውን በከንቱ ማሳቀቅ ነው።

እናትየው «ልጄ አልናገር አለኝ» ብላ ያመለከተች እንደሆነ ባለሙያዋ «አባቱስ አፉን የፈታው በስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ምንም ይሁን ምን «በአባቱ ወጥቶ ነው፣ አይዞሽ» ተብሎ ካርዱ ይመለስላታል። አባትየው በስድስት ወሩ ያወራ እንኳ ቢሆን ወደ አያትየው ይኬዳል።

በየቀበሌው የተመደቡት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበት ቤት ቢገጥማቸው ቡናውን ጠጥተው፣ ሽንት ቤቱን አይተው ይወጣሉ። ጓዳ ያለ ልጅ አልተቆጠረም፤ ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ የሽፋን አኃዛችንን አያበላሽም።

4. ስለ ትምህርት

ማንኛውም ሕፃን ያለ ልዩነት ዜሮ ክፍል የመግባት መብት አለው። መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ልጁ ዝም ካለ «አይሳተፍም»፣ ድምፅ ካወጣ «ይረብሻል» ተብሎ ይመለሳል። ርዕሰ መምህሩ ሲመልሱት ፊታቸው ላይ ኀዘን መታየት አለበት፤ «እናት፣ ልጁን ጠልተን እንዳይመስልሽ፣ የሠለጠነ መምህር ስለሌለን ነው» ይላሉ። እውነታቸውንም ነው። ስልሳና ሰባ ሕፃን ይዛ የምትውል አንዲት መምህርት ላይ ያለ አጋዥ ሌላ መጨመር ግፍ ነውና፣ ይህ አዋጅ አጋዥ ከመቅጠር ይልቅ ልጁን መመለስን መርጧል።

በ1998 ዓ.ም. የወጣውና በ2004 ዓ.ም. የተሻሻለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በየጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በክብር ይቀመጣል። አቧራውን የማራገፍ ኃላፊነት የጽዳት ሠራተኛዋ ነው።

ለልዩ ድጋፍ የሚመጣ ልጅ «ሰባት ዓመት ሲሞላው አምጪው» ይባላል። መስማት የተሳነው ልጅ ከጨቅላነቱ ጀምሮ የምልክት ቋንቋ ካላየ፣ ሰባት ዓመት ሞልቶት ክፍል ሲገባ የሚማርበት ቋንቋ ሳይኖረው እንደሚገባ መሥሪያ ቤቶቻችን ያውቃሉ፤ በብዙ ዓውደ ጥናት ላይ በስላይድ አይተውታል። ስለዚህ እናትየው በሰባት ዓመቱ ይዛው ስትመጣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቃት ያው «ሰባት ሲሞላው አምጪው» ያላት ሰው እንዲሆን ተደንግጓል። የአሠራር ወጥነት ማለት ይህ ነው።

5. ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ

ድጋፍ የሚሻ ልጅ ጉዳቱን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃው በየዓመቱ ይታደሳል፤ የጎደለ እግር በክረምት አለመብቀሉ መረጋገጥ አለበት።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ስላዘዘ፣ መግቢያችን ላይ ራምፕ ተሠርቷል። የኃላፊው ሞተር ሳይክል ይቆምበታል። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ክፍል ሦስት
ስለ አስተባባሪዋ

6. ሹመት

ከላይ የተጠቀሱት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ የሚገናኙበት አንድ አካል ማቋቋም አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ ይህንኑ ሥራ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ስትሠራ የኖረች አካል መኖሯም ስለተደረሰበት፣ የልጁ እናት ከዛሬ ጀምሮ የቅንጅቱ አስተባባሪ ሆና ተሾማለች።

ጤና ጣቢያው ለትምህርት ቤቱ የሚለው ነገር ቢኖረው በእሷ በኩል ይላል። ትምህርት ቤቱም ማኅበራዊ ጉዳይን መጠየቅ ቢፈልግ እሷን ይልካል። ማኅበራዊ ጉዳይ ደግሞ ደብዳቤውን አገላብጦ ካየ በኋላ ቀኑ በግርጌ ሳይሆን በራስጌ እንዲጻፍ አዝዞ ይመልሳታል። ጽሕፈት ቤታችሁ የት ነው ተብላ ብትጠየቅ ፌስታሏን ታሳያለች። በፌስታሉ ውስጥ ጥጉ የተበላ ቢጫ የክትባት ካርድ፣ አራት ቦታ የታጠፈ የሪፈር ወረቀት፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና ለልጁ የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ ይገኛል። ዳቦው ከወረቀቱ ጋር እንዳይነካካ የማድረግ ኃላፊነት አለባት፤ ዘይት የነካው ሪፈር ተቀባይነት የለውም።

ልጁን አዝላ ትሄዳለች። አራት ዓመት ስለሞላው እግሩ ጉልበቷ ጋ ይደርሳል። ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ረዳቱ «ማዘር፣ ይሄ እኮ ትልቅ ልጅ ነው፣ ይከፈልለታል» ይላታል። መሥሪያ ቤቶቻችን እዚህ ላይ ለታክሲ ረዳቶች ያላቸውን አድናቆት ሳይገልጹ አያልፉም፤ የልጁን ዕድሜ ያለ ሐኪም ማስረጃ የተቀበለ አካል እስካሁን እነሱ ብቻ ናቸው።

አስተባባሪዋ በሌለችበት ጊዜ የሽንኩርት ጉልቷን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ ምክትል አስተባባሪ ናት። የሽንኩርቱ ኪሳራ በሁለቱ ስምምነት ይሸፈናል።

7. አርአያነት ስላለው ተግባር

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ ያፈሩትን ጥሪት ይዘው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል። ሌሎች ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው ከደጁ ተሰልፈዋል። ይህ ታላቅ ተግባር መሥሪያ ቤቶቻችንን ከልብ አስደስቷል። አንዲት እናት ብቻዋን ከቻለችው እኛ ተሰብስበን ምን እንጨምርበታለን? ስለዚህ እያንዳንዷ አስተባባሪ ለልጇ የሚሆን ማዕከል እንድትከፍት ተፈቅዶላታል። ለፈቃዱ የሚያስፈልጉትን ደብዳቤዎች ከየት እንደምታመጣ በአንቀጽ 6 መሠረት ራሷ ታውቃለች።

ክፍል አራት
ስለ ቅንጅት አፈጻጸም

8. ዓውደ ጥናት

ቅንጅት የሚጠናከረው ሐይቅ ባለበት ከተማ ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ካልተገኘ ሐዋሳ ይሆናል። ተሳታፊዎች በመጀመሪያው ቀን ይተዋወቃሉ፤ ባለፈው ዓመት የተዋወቁት ፎካል ፐርሰኖች ሁሉ ስለተቀየሩ ይህ ግዴታ ነው። በሁለተኛው ቀን ክፍተቶች ይለያሉ። ክፍተቶቹ አምና ከተለዩት ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸው የጥናቱን አስተማማኝነት ያሳያል። የወላጆች ተወካይ ከምሳ በፊት አምስት ደቂቃ ይሰጣታል፤ ስታለቅስ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ የአበል መክፈያ ቅጽ ይዞራል።

ውሳኔ የሚጠይቅ ነጥብ ከተነሣ እያንዳንዱ ተወካይ «ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ» ብሎ ማስታወሻ ይይዛል። ማስታወሻ ደብተሩና እስክሪብቶው የተሳታፊው ሆነው ይቀራሉ።

9. በጀት

ሁሉም ድርሻውን ይወጣል።

10. ስለ ተከለከሉ ተግባራት

ማንኛውም ሠራተኛ ስልክ አንሥቶ በሌላ መሥሪያ ቤት ለሚገኝ ባልደረባው በመደወል የአንድን ልጅ ጉዳይ በአንድ ቀን የጨረሰ እንደሆነ፣ የተቋማትን ነጻነት በመድፈር ይጠየቃል።

ይህ ድንጋጌ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። በአንድ ወረዳ አንዲት ነርስ፣ የሚያነክስ ልጅ ያዘለች እናት ብትመጣባት፣ ደብዳቤ ጽፋ በመላክ ፈንታ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር «ጋሼ፣ እሑድ እድር ላይ ላገኝዎት እፈልጋለሁ» አለቻቸው። እሑድ ተገናኙ። ርዕሰ መምህሩ ዜሮ ክፍሉን ከደረጃው በላይ ካለው ክፍል ወደ ግቢው በር አጠገብ አወረዱት፤ ወጪው ጠረጴዛ የተሸከሙት ሁለት ዘበኞች የጠጡት ሻይ ብቻ ነው። ልጁ በሳምንቱ ገባ። ነርሷ በዚያው ሰሞን መምህርቷን ልጁ እንዴት ቢቀመጥ እንደሚሻለው፣ እግሩንም በዕረፍት ሰዓት እንዴት እንደምታፍታታለት አሳየቻት። ዓውደ ጥናት አልተደረገም፣ የመግባቢያ ሰነድ አልተፈረመም፣ ባነርም አልታተመም። ድርጊቱ በየትኛው ዕቅድ፣ በየትኛው የበጀት ኮድ እንደሚመዘገብ ስላልታወቀ በሪፖርት ሊካተት አልቻለም። የነርሷና የርዕሰ መምህሩ ጉዳይ በመጣራት ላይ ነው፤ እድሩም ያለ ሥልጣኑ ሕፃናትን በማገልገል ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

11. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት አመልክተው ሲጠባበቁ ሰባት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት አገልግሎቱን እንዳገኙ ይቆጠራል። ሳይሞላቸው የተሰወሩ ካሉም ፋይላቸው «ተዘግቷል» ከሚለው ጋር ይደመራል፤ አፈጻጸማችን የሚለካው በተዘጋ ፋይል ነው።

12. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የሁሉም መሥሪያ ቤቶች ማኅተም ካረፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የአንደኛው ማኅተም ያዥ ለጊዜው ፈቃድ ላይ ስለሆነ፣ አስተባባሪዋ ሰኞ ተመልሳ እንድትጠይቅ ተነግሯታል።

ግልባጭ፦

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለጤና ጽሕፈት ቤት
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤት (እንዲያውቁት ብቻ)
ለመዝገብ ቤት

(ሁሉም በአስተባባሪዋ እጅ፤ የፎቶ ኮፒው ሒሳብ በራሷ)