ኖር ባይ የሌለበት ቤት

ቤት ስገባ ሰው ብድግ ብሎ «ኖር!» ሲለኝ፣ እኔም «በእግዜር፣ ቁጭ በሉ» እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ወር ግን ከሰባት ዓመት በላይ ተኳርፌው ወደ ቆየሁት የአርሰናል ደጋፊዎች ሰፈር ስመለስ የተቀበለችኝ አንዲት የምትስቅ ጦጣ ናት። ስቲከር ይሏታል። ሰፈሩም እኔ በሌለሁበት ከፌስቡክ ጓዙን ጠቅልሎ ቴሌግራም ገብቷል።

ጥፋቱ የእኔም ሳይሆን አይቀርም። እንደ ሰው ልግባ ብዬ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከርማችኋል? ዝናቡስ እንዴት ነው? ቡናው ያዘ?» ብዬ ጻፍኩ። እኛ አገር መቱ ላይ ሳይጠያየቁ ነገር አይጀመርም። አንዱ «ማነው ይሄ ቦት?» አለ። ቦት ማለት ሰው ሳይሆን እንደ ሰው የሚጽፍ ማሽን መሆኑን የልጅ ልጄ አስረዳችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ያስተማርኩት ለዚህ ነው! ሌላው «የማንቼ ሰላይ ነው» አለ። እሱ እንኳ ይሻላል፣ ሰውነቴን አልካደም።

የወጣሁት በግንቦት 2010 ቬንገር የተሰናበተ ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያሰለጠነ ሰው ከሄደ እኔ ምን አደርጋለሁ ብዬ። በማንቼ 8 ለ 2 በተሸነፍንበት በነሐሴ 2003 እንኳ ንቅንቅ ያላልኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን እዚሁ መቱ ዲሽ ቤት ነበርኩ። ነሐሴ ነው፣ እግራችን እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኮሜንታተሩ አይሰማ። ስድስተኛው ጎል ላይ መብራት ሄደ። ማንቼዎቹ «ጄኔሬተር ይነሳ!» እያሉ ሲጮሁ እኛ «ምን አስቸኮላችሁ፣ ነዳጅ እኮ ውድ ነው» እንል ነበር። ባለቤቱ አስነሳው እንጂ። በር ላይ ቆሎ የሚሸጥ አንድ ልጅ ነበር፣ የለየለት አርሰናል፤ ስምንተኛው ሲገባ ቆሎውን ጥሎ አለቀሰ። ሲያልቅ ማንቼው ጎረቤቴ ጃንጥላውን አጋርቶኝ እስከ ደጄ አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ እየሰደበኝ ነው ታዲያ። ስድብ ያኔ ጃንጥላ ይዞ ነበር የሚመጣው።

ግሩፑ ውስጥ የ1996ቱን ቡድን አነሳሁ፦ 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ሽንፈት የሚባል የለም። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ታሪክ ነው» አሉኝ። ታሪክ አይደለም መች አልኩ? ያ ጎረቤቴም «እናንተ አርሰናሎች እንደ ጎሬ ሰው ናችሁ» ይለኝ ነበር። ጎሬ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ናት። የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ ቡናው በእሷ በኩል ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ በመርከብ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ በ1928 ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ራስ እምሩ መንግሥት ይዘው የተቀመጡባት እሷ ናት። ኋላ ዋና ከተማነቱ ቁልቁል ወደ መቱ ወረደ። የጎሬ ሽማግሌ ታዲያ እስከ ዛሬ ቡና ይዞ የእንግሊዝ ቆንስላን ግቢ ያነሳብሃል። እኔም የ1996ቱን አጥቂ ኦንሪን አነሳለሁ። ምን ይደረግ፣ ሁለታችንም ያየነውን አይተናል።

ቫር መጥቶ ጎል ሲገባ እንኳ መስመር እስኪሰመር ድረስ በግማሽ መደሰትን ለመድኩ። የልጆቹንም «ኤክስጂ» የሚሉትን ሂሳብ ቻልኩት። ያልቻልኩት የቅዳሜውን ነው። አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ ጎል ገባብን። ወዲያው አንዱ «ተመስገን!» ብሎ ጻፈ። ጠላት ሰርጎ ገባ ብዬ «አድሚን የት ነህ? ይህን ሰው አስወጣልን» አልኩ። ለካ አድሚኑ ራሱ ነው! «ሁለቱም ያገባሉ» የሚል የቤቲንግ ትኬት ቆርጦ ኖሯል፤ ስምንት ጨዋታ ይዞ ሰባቱ ሞልቶለት የቀረው የእኛ ነበር። በግል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ አይቀየሙኝ፣ ልብ ሌላ፣ ትኬት ሌላ። ደግሞ ረሱኝ እንዴ? ባለ ቆሎው ነኝ።»

ያ ያለቀሰው ልጅ!

ማታውኑ የስንብት ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ቬንገር፣ ስለ ቆሎው፣ ስለ ጃንጥላው፣ ሁሉንም ዘርዝሬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችሁ የለሁም» ብዬ ዘጋሁት። አንዱ «ረጅም ነው፣ ማን ያሳጥርልናል?» አለ። ጦጣዋም መጣች።

ግን አልወጣሁም። በእኛ አገር ልሂድ ያለ እንግዳ «ምን ሲደረግ! ተቀመጡ እንጂ፣ ቡናው ሦስተኛው አልተጠጣም» ተብሎ ሳይለመን አይሄድም። እስኪለምኑኝ እየጠበቅኩ ነው። ይኸው ባርኔጣዬን ይዤ ደጃፉ ላይ ከቆምኩ አራተኛ ቀኔ።